የእሜቴ ለቅሶ

በሽምብራ ደሴት ላይ ጮክ ብሎ ማልቀስ የተፈቀደው ሸረሪቷ የሞተች ጊዜ ነው።

መርዶው ሲነገር አንጓች ከጎረቤቷ ከየሻረግ ጋር ሐይቁ ላይ በርበሬ እየወቀጠች ነበር። የሽምብራ ሴቶች በርበሬ የሚወቅጡት ጀልባ ላይ ነው። ሙቀጫውን መሐል ያስቀምጡና አንዷ ትይዛለች፣ ሌላዋ ትወቅጣለች። ጀልባው በየምቱ እንደ ሰካራም ይወዛወዛል፣ ብናኙ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ግማሹ በርበሬም ለዓሣ ይቀራል። ደሴቲቱ ላይ ዘነዘና ማንሳት ክልክል ነው። ዘነዘና ሲያርፍ መሬት ይነዝራል፤ መሬት ከነዘረ ደግሞ እሜቴ ትደነግጣለች።

እሜቴ የሚሏት ሸረሪቷን ነው። የመንግሥት ስሟ የሽምብራ ደሴት ባለክዳን ሸረሪት ይባላል። ከሩቅ ሲያዩዋት ሽምብራ ከምታህለዋ ከዚህች የጣና ደሴት በስተቀር በዓለም ላይ የትም የለችም። ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ ውስጡን በሐር ትለብጠዋለች፣ አፉን ከአፈርና ከሐር በሠራችው ክዳን ትከድነዋለች፣ ከዚያ ከክዳኑ ሥር ቁጭ ብላ የሚበላ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ይኸን ሁሉ የደሴቲቱ ሰው የሚያውቀው በየምሰሶው ላይ ከተለጠፈው ሥዕል ነው። በዓይኑ ያያት የለም። የእድሩ ዳኛ አቶ ውባንተ ሥዕሉን ባለፈ ቁጥር ራሱን ይነቀንቃል፤ እንደሱ አባባል ሸረሪቷን የፈጠራት እግዚአብሔር ሳይሆን አንድ ስብሰባ ነው።

ደንቡ ሲመጣ ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። መሬት ውስጥ በየቦታው ንዝረት የሚሰማ መሣሪያ፣ ሰዉ ጆሮ የሚለው፣ ተቀበረ፣ በየጆሮው ራስ ላይ ምሰሶ ቆመ፣ ለሰዉ የሱፍ ጫማ ታደለ። ለአህዮቹም ታድሎ ነበር፤ እነሱ ግን እየበሉት ስላስቸገሩ ወደ ማዶ ተሻገሩ። ዶሮ ማርባት ተፈቀደ፣ አውራ ዶሮ ግን አልተፈቀደም። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ብርድ ልብስ ለበሰ። ሠርግ ጀልባ ላይ ይደገሳል፤ አንዴም ሚዜዎቹ በእስክስታ ብዛት ሙሽራውን ከነካባው ውኃ ከተውታል። ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ማዶ ተወስደው ይሮጣሉ፣ ይጮኻሉ፣ ተፈነካክተው ማታ ይመለሳሉ። ጠብም ቢሆን በሹክሹክታ ነው። የሽምብራ ሰው ሲሰዳደብ ለማያውቀው ፍቅር የያዘው ይመስላል፤ አፉን ከባላንጣው ጆሮ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ዘር ማንዘሩን የሚያወርድለት።

የረሳ ሰው ካለ ምሰሶው ያስታውሰዋል። ምሰሶው ውስጥ ያለችው ሴት ድምፅዋ ማር ነው። «እባክዎ በዝግታ ይራመዱ» ትላለች፣ እሷም በሹክሹክታ። ደጋግማ የገሠጸችው ቤተሰብ ዕቃውን ጠቅልሎ ደሴቲቱን ይለቃል። ሰዉ እዚያ የሚኖረው ባለርስት ሆኖ ሳይሆን በደንቡ ላይ «የሸረሪቷ ጎረቤት» ተብሎ ስለተጻፈ ነው።

የዚያን ዕለት ማለዳ ታዲያ ጭጋጉ ከውኃው ላይ ሳይነሳ ከዳር ያሉት ምሰሶዎች በሙሉ ባንድ ድምፅ ተናገሩ። ሴትዮዋ በዚያው በሚያባብል ቃናዋ የሽምብራ ደሴት ባለክዳን ሸረሪት ከምድር ገጽ መጥፋቷ እንደተረጋገጠ ነገረች። የክብር ስንብቱ በአካባቢው ባህል መሠረት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይፈጸማል። የርምጃና የድምፅ ደንቡ ከዚያው ሰዓት ጀምሮ አይሠራም። የጎረቤትነት ፈቃድም እንደዚሁ፤ ሰኞ ሰዉን የሚያነሱ ጀልባዎች ይመጣሉ። ስትጨርስ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለች።

የሻረግ ሙቀጫውን እንዳቀፈች ቀረች።

«እና አሁን» አለች በመጨረሻ፣ «እልል ነው የሚባለው ወይስ ወየው?»

አንጓች ዘነዘናውን አንስታ ወቀጠች።

በሽምብራም በማዶም አንጓችን የማያውቅ የለም፤ የሙሾ ሰው ናት። ማንም አላስተማራትም። ልጅ ሆና በየለቅሶው ከትልልቆቹ እግር ሥር ተቀምጣ ከዚህም ከዚያም ለቃቅማ ነው ያበጀችው። የሞተባቸው የማዶ ሰዎች በጀልባ መጥተው ይወስዷታል፤ እሷም ስለማታውቀው ሰው እንደ እህቱ አልቅሳ፣ አገሩን አስለቅሳ፣ ንፍሮዋን ቋጥራ ትመለሳለች። የራሷ ሙሾ ብቻ ነው ያልወጣላት።

ባሏ አጉማስ በክረምት ነው ያረፈው። ቀዛፊ ነበር፤ ሰው ማመላለስ የሚወድ፣ ቀልደኛ፣ ሴቶቹን ሁሉ «እቴ» እያለ የሚያስቅ። ሲቀበር አንጓች ከመቃብሩ አጠገብ ቆማ አንዲት ቃል አወጣች። ሁለተኛው ሳይከተል ከዋንዛው ሥር ያለው ምሰሶ «እባክዎ ድምፅዎን ይቀንሱ» አላት። ቀነሰች። ምን ታድርግ? ልጆቿ ማዶ ተድረዋል፣ የቀራት ያቺ ቤትና ያ መቃብር ነው፤ ከደሴቲቱ ብትነሳ ሁለቱንም ታጣለች። እቤቷ ገብታ ትራስ ነክሳ አለቀሰች።

የሙሾ ሥርዓት ግን ትራስ አያውቅም። በእነአንጓች አገር የሟች ስም የሚጠራው በመጨረሻ ነው። ሙያው ይነገራል፣ ቁመናው ይነገራል፣ ቤቱ ምን እንደጎደለው ይነገራል፤ ከዚያ አልቃሿ አፈሩ ላይ ቆማ ስሙን ትጠራለች፣ ሰዉ ተነስቶ ደረቱንም መሬቱንም ይመታል፣ ለቅሶው ይዘጋል። ማዶ ሄዶ መጥራት አይሆንም፤ ሟቹ ካለበት አፈር ላይ ካልሆነ የተጠራ አይባልም። ስለዚህ አጉማስ ከሞተ ወዲህ ለቅሶው እንደ ክፍት በር ሲንቋቋ ኖሯል። አንጓች ለዚህ የምትወቅሰው ሞትን አልነበረም። ሸረሪቷን ነበር።

በማግስቱ አቶ ሶፎንያስ መጣ። ሶፎንያስ የጆሮዎቹ ኃላፊ ነው፤ ወጣትነቱን ማዳመጫ ሰክቶ ከመሬት በታች ያለውን ጸጥታ ሲያዳምጥ የጨረሰ ቀጭን ሰው። አረማመዱ ድምፅ ስለሌለው በር ላይ ሲቆም ሰው ያስደነግጣል። አንጓች በርጩማ ሰጠችው፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ያላለቀሰ ሰው ዓይን አይመስልም። የስንብቱን ሥርዓት አስረዳት። ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ከሸረሪቷ የድሮ ጉድጓድ የተወሰደ አፈር በትንሽ ሣጥን ይቀበራል፣ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ይደረጋል።

«እስከዛሬ ዝም ያልነው አልበቃትም?» አለች አንጓች።

ሶፎንያስ ሊስቅ ፈልጎ ተወው። ከዚያ በኋላ በባህሉ መሠረት ሙሾ እንደሚያስፈልግ፣ ለዚህም ከእሷ የተሻለ ሰው እንደሌለ ነገራት።

«ለማን ነው የማለቅሰው ታዲያ? ዘመድ አላት? ልጅ፣ ባል?»

«ወንዱ ቤት የለውም፣ እማማ አንጓች። ሴት ፍለጋ ሲንከራተት ቶሎ ይሞታል። ዕድሜ ያላት እሷ ናት፤ ከዚያች ጉድጓድ ሳትወጣ ብቻዋን ብዙ ዓመት ትቆያለች።»

አንጓች ይኸን የመሰለ ኑሮ ለማወቅ ሥዕል አያስፈልጋትም ነበር። ከዚያ መቃብሮቹ ምን እንደሚሆኑ ጠየቀችው። ሶፎንያስ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። ደሴቲቱ ከፀሐይ መብራት ለሚያመነጭ መስታወት ተሰጥታለች፤ መቃብር አይነካም፣ መስታወቱ የሚዘረጋው ከላይ ነው። ሰው ግን ከሥሩ መግባት አይችልም። ሰዉ ለሁልጊዜው ከተማ ውስጥ ፎቅ ተሰጥቶታል፤ ሊፍት ያለው ነው።

«የት ነው የሚቀበረው ሣጥኑ?»

«ከዋንዛው ሥር። የመጀመሪያዋ የተገኘችው እዚያ ስለሆነ።»

ዋንዛው ከአጉማስ መቃብር ክንድ ቢዘረጉ የሚደርሱበት ቅርብ ነው። አንጓች ነጠላዋን አስተካከለች።

«እግር ይመታል?»

«ደንቡ አይሠራም» አለ ሶፎንያስ። «ይምቱ።»

እሑድ ሰዉ ጫማውን ከሣጥን አወጣ። ቆዳው ደርቆ እንደ ቋንጣ የሆነበት ነበር፤ የአቶ ውባንተ አንደኛው ጫማ ውስጥ አይጥ ወልዳ ስለተገኘች ልጆቿን በባርኔጣ አዛውሮ ነው የመጣው። ሴቶቹ ተረከዝ ባለው ጫማ ድንጋዩ ላይ ሲራመዱ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ድምፅ የሰሙ ሕፃናት እናታቸው ቀሚስ ውስጥ ገቡ። አቶ ውባንተ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ያለምንም ምክንያት አንድ ጊዜ ጮኸ። ከዚያ ዙሪያውን አየ፣ ማንም አልተቆጣውም፣ ደገመው። በሱፍ ጫማ የመጣ ሶፎንያስ ብቻ ነበር።

ማለዳ ጆሮዎቹን ከመሬት ነቅሎ፣ አፈራቸውን ጠርጎ ሣጥን ውስጥ ደርድሯቸዋል። ምሰሶዎቹ ቆመው ነበር፣ ግን ድዳ ሆነዋል።

የኅሊና ጸሎቱ ሲያልቅ ማንም አላወቀም። ከለመዱት የተለየ ነገር ስላልነበረው ሶፎንያስ ጉሮሮውን ጠርጎ ቀሰቀሳቸው። ትንሿ ሣጥን ጉድጓድ ገባች። አንጓች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተነሳች፤ ጥለቱ አፈሩን እየጠረገ ከዋንዛው ሥር መጥታ ቆመች፣ ለሸረሪቷ ሣጥን ጀርባዋን ሳትሰጥ፣ ለአጉማስም ሳትሰጥ። አንድ ጊዜ እግሯን መታች። ድምፁ ራሷን አስደነገጣት።

«እሜቴ ባለክዳን፣ ባለ ሐር ደጃፍ፣
ደኅና ዋሉ ሳትይ እንዲህ ነው ወይ ማለፍ?»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ድምፃቸው ዝጎ ነበር፤ መጀመሪያ እንደ በር ሲጢጥ አለ፣ ከዚያ ተከፈተ። አንጓች ረገጠች፣ እነሱም ረገጡ።

«በሱፍ አስኬድሽን አገር አስተኝተሽ፣
ዛሬ ጫማ አድርገን መጣን ልንቀብርሽ።»

ከወንዶቹ መሐል ሳቅ ተሰማ፣ ከሳቁም ውስጥ እንባ። የሻረግ ደረቷን እየመታች ነው፣ ግን ለሸረሪቷ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። በዚያ ሁሉ ዓመት ያልጮኸለት ሟች የሌለው ሰው እዚያ አልነበረም። አንጓችም ከዚህ በላይ ሸረሪቷን ልታቆላምጣት አልቻለችም። ፊቷን ወደ መቃብሩ አዞረች።

«ላንቺስ ተጮኸልሽ፣ ድንኳን ተጣለልሽ፣
የኔን ሰው ስቀብር ዝም በይ ያልሽኝ ነሽ።»

ይኸን ብላ በኃይል ረገጠች፤ ቀጥላ ስሙን ልትጠራ ነበር። አየር ስባለች፣ አፏን ከፍታለች። ነጠላዋ ተያዘ። እሾህ የያዛት መስሏት ሳብ አደረገችው፤ እሾሁም ሳበ።

ወደ ታች አየች። ከእግሯ አጠገብ የጠርሙስ ቆርኪ የምታህል ክብ መሬት ባንድ ጎኗ ተነስታለች። ከሥሯ ሁለት ጥቁር፣ ጠጉራም እግሮች ወጥተው ጥለቱን ይዘው ወደ ውስጥ ይጎትታሉ፤ ከእግሮቹ ኋላ የሚያብለጨልጭ ነገር አለ። እሜቴ ለቅሶዋ ላይ ተገኝታለች።

ከአንጓች በቀር ያያት አልነበረም። ሴቶቹ ቀጣዩን ግጥም እየጠበቁ በቦታቸው ይወዛወዛሉ። እሷ እንደቆመች ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ታያት። የአጉማስን ስም ጠርታ፣ ጥለቷን በጥሳ፣ ለቅሶውን ዘግታ ሰኞ ጀልባ ላይ መውጣት ትችላለች፤ እሱ መስታወት ሥር ይቀራል፣ እሷ ከሊፍቱ ጋር። ወይም አሁኑኑ ትናገራለች፤ ሰዉ ቤቱ ይቀራል፣ እሷም ከአጉማስ አጠገብ ትቀራለች። ያኔ ግን የሱፍ ጫማው ይመለሳል፣ የምሰሶዋም ሴት ትመለሳለች፣ ስሙም እንደተዋጠ ይኖራል። «አንቺ ዲያብሎስ» አለቻት በልቧ፣ «አሁንም ከአፌ ልትነጥቂኝ?»

የሳበችውን አየር ዋጠችው።

«ሶፎንያስ ልጄ» አለች፣ ድምፅዋን ወደ ድሮው ሹክሹክታ መልሳ። «ሟቿ ነጠላዬን ይዛኛለች።»

ሶፎንያስ የኅዘን ቃል መስሎት ራሱን በአክብሮት ነቀነቀ። ጣቷን ወደ መሬት ስታሳየው ነው የተነሳው። ሰዉ ሁሉ ባለበት ደረቀ፤ ባንድ ጊዜ፣ ማንም ሳያዘው፣ አንድ እግሩን እንዳነሳ የቀረም ነበር። ጸጥ ሲል ጥለቱ ተለቀቀ፣ ክዳኑ ተከደነ። ሶፎንያስ ተንበርክኮ ሲደርስ ያገኘው ተራ መሬት ነው። አፍንጫውን አፈሩ ላይ አድርጎ ፈለገ፤ ክዳኑ የት ጋ እንደሚያልቅ፣ መሬቱ የት ጋ እንደሚጀምር አይለይም። ጥለቱ ላይ ግን አንዲት ቀጭን የሐር ክር ተንጠልጥላ ነበር። ክሯን በጣቱ ይዞ ብዙ ቆየ።

ተንበርክኮ እንዳለ ችግሩን በሹክሹክታ ነገራቸው። የጎረቤት ምስክርነት አይቆጠርም፤ ጎረቤት መቅረት ስለሚፈልግ ያላየውንም ያያል ተብሎ ነው ደንቡ የወጣው። የእሱም ዓይን ያው ነው። ጆሮው መስማት አለበት። ነገ ጀልባዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ጆሮው ከሰማ ስንብቱ ይፈርሳል፣ ሰዉም ይቀራል፤ ካልሰማ ሞታለች።

ሣጥኑ መጣ። አንዱን ጆሮ ከዋንዛው ሥር መልሶ ተከለው፣ ከምሰሶው ጋር አገናኘው፣ ማዳመጫውን ሰካ። ሰዉ ትንፋሹን ዋጠ። አቶ ውባንተ ጫማውን አውልቆ በእግር ጣቱ ቆመ። ዝም አሉ፤ እነሱ ዝም ማለት ያውቁበታል። ሶፎንያስ ዓይኑን ጨፍኖ ያን ዕድሜውን የበላውን ጸጥታ እንደገና አዳመጠ። ፊቱ ቀስ እያለ ወደቀ።

የሻረግ ወደ አንጓች ጆሮ ተጠጋች። ድሮ ሲሰዳደቡ እንደሚያደርጉት አፏን ለጠፈች፤ ግን ሁሉም ሰማት።

«ዝም ስንል መቼ መጣች? ደጇ ላይ ኮቴ የሰማች ዛሬ ነው፤ የሚበላ መጣ ብላ ነው የወጣች። ስንሳሳላት በረሃብ ልንገድላት ነበርኮ።»

ሶፎንያስ ማዳመጫውን ከአንደኛው ጆሮው አነሳ። የሻረግን አየ፣ አፈሩን አየ፣ የገዛ ሱፍ ጫማውን አየ። ወደ አንጓች ሲዞር እንደ ሹም አልነበረም፤ ለቅሶ ቤት ዘግይቶ እንደደረሰ ዘመድ ነበር።

«እማማ አንጓች» አለ፣ «ይድገሙልኝ።»

«ምን ልድገም፣ መቼ ጨረስኩና?»

ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሁለት ርምጃ ተራመደች፤ የአጉማስ አፈር ላይ ናት። ሴቶቹ ከኋላዋ ተሰለፉ፣ ወንዶቹም ተጠጉ፣ ልጆቹ ከቀሚስ ሥር ወጡ። እግሯን ያነሳችው ማዶ ያሉት አህዮች እንዲሰሙ አድርጋ ነው።

«ታንኳው ከዳር ቆሞ ይጠብቃል ዛሬ፣
አጉማስ ቀዛፊዬ፣ አጉማስ ሀገሬ።»

ደሴቲቱ ተነሳች። ሰዉ ደረቱን መታ፣ መሬቱን መታ፤ እያንዳንዱ የየራሱን ሟች ስም እየጠራ ነበር፣ ያልተጠራ ብዙ ስለሆነ ቶሎ አላለቀም። የሶፎንያስ ዓይን ተበረገደ፤ ጆሮው ሰምቷል። ማዳመጫውን በሁለት እጁ ይዞ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ይዞር ጀመር። ከዋንዛው ሥር አንድ ቆርኪ ተነሳ፣ ከአጥሩ ጥግ ሌላ፣ ከእድሩ ወንበር እግር ሥር ሌላ። በአጉማስ መቃብር ራስጌም አንዷ ክዳኗን ከፍታ ሁለት እግሯን ዘረጋች።

«ተኝቶም ሴት አያጣም» አለች የሻረግ፣ እያለቀሰች።

አንጓች ሳቋ መጣባት፤ በዚያው ሳቅ ውስጥ ስሙን ደገመችው፣ ሠለሰችው። ከዋንዛው ሥር ያለው ምሰሶ ነቃ። ሴትዮዋ በዚያው በማር ድምፅዋ «እባክዎ ድምፅዎን...» ብላ ስትጀምር ሶፎንያስ የሱፍ ጫማውን አውልቆ አፏ ውስጥ ወተፈው።